ጠጠሬ ያልሸሸችበት ቀን

ግራቫ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1954

ለእህቴ ለኒቬስ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? «እኛ ደህና ነን» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። እጄ እምቢ ስላለኝ ዘለልኩት።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰን። ብትቆጪ እውነትሽን ነው። ወንድም ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ፋሲካም አልፎ፣ እህት ከአውቶቡስ ሾፌር አፍ መስማቷ ነውር ነው። እማማን ግን አትውቀሻት። በቀብሩ ዋዜማ ልጽፍልሽ ወረቀት ሳወጣ ከእጄ ነጠቀችኝ። «እዚያ ላይ በረዶው ገና እየተናደ ነው። ከሰማች አታድርም፣ በእግሯም ቢሆን ትወርዳለች። አንዱን ውሃ ወሰደብኝ፤ ሌላዋን በረዶ ይጨምርበት?» አለችኝ። እኔም ወረቀቱን መልሼ አልተቀበልኳትም። ይቅርታ አድርጊልን።

ለጠየቅሽኝ ልመልስልሽ። አዎ፣ ዱይልዮ ወንዙ መሃል ጠጠሩ ላይ ነበር፤ ለኖራ ምድጃው ነጭ ድንጋይ ይለቅም ነበር። ውሃው ድንገት ሲመጣ ዝናብ አልነበረም። እኛም ጋ፣ ተራራውም ላይ ደመና አልታየም፤ ሰማዩ የታጠበ ሳህን ይመስል ነበር። በቅሎዋን ዳር ካለው አኻያ ዛፍ ላይ አስሯት ስለነበር ተርፋለች። እሱን በማግስቱ ታች ድልድዩ ሥር አገኙት። ፊቱ ምንም አልሆነም። ይህን ለመጠየቅ ፈርተሽ እንደተውሽው ገብቶኛል።

አሁን እኔን የሚያንገበግበኝ የአያ ቲቴ ነገር ነው። መንደሩን በሙሉ ወንዝ የሚያሻግሩት እሳቸው ስለሆኑ ቃላቸው እንደ ፍርድ ነው። ሣጥኑ ገና መሬት ሳይነካ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጁ ጠጠሬን አላያትም። ቢያያት ስትሸሽ ያይ ነበር። ስትሸሽ ቢያይ ይወጣ ነበር። ጠጠሬ አባቴንም አያቴንም ዋሽታ አታውቅም» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ምን ብሎ ይከራከራል? ውሃ ሊመጣ ሲል እነዚያ ከጥፍር የማይበልጡ ግራጫ ሸረሪቶች ከድንጋይ ሥር ወጥተው ወደ አኻያዎቹ ሲሮጡ ያላየ ሰው በመንደራችን የለም። ጠጠሬን የትምህርት ቤታችን መጽሐፍ ውስጥ አግኝቻታለሁ። ድር ስለማትሠራ፣ እየሮጠች ስለምታድን ተኩላ ሸረሪት ይላታል። ሥዕሏን ሳይ ደነገጥኩ። ከኛ መንደር ውጪ ስም ይኖራታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዱይልዮ ጠጠሬን ሳያይ የሚወርድ ሰው አልነበረም። ቀልደኛ ነበር፣ ሰነፍም ነበር፤ ግን እኔን እጄን ይዞ ድንጋይ እየገለበጠ ያሳየኝ እሱ ነው። አሁን በዕርገት ቀን መስቀሉን ይዘን ስንሻገር፣ መካከል ላይ ቆመን ወንዝ የወሰዳቸው ሰዎች ሲጠሩ፣ የሱ ስም ይዘለላል። ጠጠሬ እየሸሸች የቀረ ሰው ራሱን እንደ ሰጠ ነው የሚቆጠረው። እማማ ይህን ከሰማች ወዲህ የበቆሎ ገንፎውን እያማሰለች በሐሳብ ትሄዳለች። ሲያርር የምትሰማው እኔ ስነግራት ነው።

ስለ እጮኛሽ ስለ ሪናልዶም ትጠይቃለች። በገና የላክሽውን ፎቶግራፍ ከቅዱስ አንቶኒዮ ሥዕል ጎን ሰክታዋለች። «ጆሮው ትልቅ ነው። ጆሮው ትልቅ የሆነ ወንድ ምክር ይሰማል» ትላለች። ደህና ነው ወይ?

ሰዓቱን ጠይቀሽኛል። የእኩለ ቀኑ ደወል ከተደወለ ብዙም አልቆየም። ግን ሰዓቱን ለምን ፈለግሽው?

ወንድምሽ ኤርሜስ



የላይኛው ግድብ ሰፈር፣ ሜይ 1 ቀን 1954

ለወንድሜ ለኤርሜስ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስህ። ደብዳቤህን ኩሽናው ውስጥ በድንች ልጣጭ መሃል ተቀምጬ አነበብኩት። በዚያ ቀን ሠራተኞቹ «ሾርባው ጨው በዛበት» ብለው ሲያጉረመርሙ ዋሉ። ምን ብዬ እመልስላቸዋለሁ? ፊቱ ምንም አልሆነም ስላልከኝ እግዚአብሔር ይስጥህ።

በእማማ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን በርዶልኛል። ልክ ናት፣ እወርድ ነበር።

ሰዓቱን የጠየቅኩህ በከንቱ አይደለም። ይህን አንብበህ ምድጃ ውስጥ ጣለው። በዚያ ቀን ጠዋት የግድቡ የታችኛው በር ተከፍቶ ነበር። ሐይቁ ሥር የተጠራቀመውን ደለል ለማጠብ ነው አሉ። ውሃው ሲወጣ የኩሽናችን ሳህኖች መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ ለዚህ ነው ቀኑን ያልረሳሁት። ጠዋት ከዚህ የወጣ ውሃ እናንተ ዘንድ የሚደርሰው እኩለ ቀን አካባቢ እንደሆነ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ለማንም ግን አትናገር። እዚህ ስለ በሩ የሚያወራ ሰው አይበረክትም። ማን ከፈተው ብለህም አትጠይቀኝ።

ስለ ሪናልዶ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ጤናው ደህና ነው።

በምታምነው ሁሉ ልለምንህ፣ ወደ ጠጠሩ አትውረድ።

እህትህ ኒቬስ



ግራቫ፣ ሜይ 9 ቀን 1954

ለኒቬስ፣

አዎ፣ ወርጃለሁ። ገምተሽ መጻፍሽ አይቀርም ብዬ ስጠብቅ ነበር። ወገቤ ድረስ ረጥቤ ነው የተመለስኩት፤ ለእማማ «ከበቅሎዋ ጋር ስታገል ገንዳው ውስጥ ወደቅኩ» አልኳት። ቁጣሽን ተቀብያለሁ። አሁን ያየሁትን ስሚኝ።

በዚህ ሳምንት ውሃው ሁለት ጊዜ ሞልቷል። መጀመሪያ ማክሰኞ፣ ተራራው ላይ ዘንቦ ነበር። እኔ ዳር አኻያው ሥር ቁጭ ብያለሁ፤ ወንዙ ገና እንደ ወትሮው ነው። ጠጠሬዎቹ ግን ከየድንጋዩ ሥር ወጡ። ምስር ከቁና ሲደፋ አይተሽ የለ? እንደዚያ ሆነው፣ የእንቁላል ከረጢታቸውን ከኋላቸው አንጠልጥለው፣ በእግሬ መሃል አልፈው ወደ ሣሩ ሮጡ። ውሃው የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አንዱን ድንጋይ ሳነሳው ሥሩ ረጥቧል። ገባኝ። የዝናብ ውሃ መጀመሪያ የሚመጣው ከታች፣ በጠጠሩ ውስጥ ነው። ቤቷ ሲርስ ነው የምትሸሸው።

ዓርብ ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ጠጠሬዎቹ ድንጋዩ ላይ ወጥተው ከረጢታቸውን ፀሐይ ያሞቃሉ። ድንገት ከላይ ድምፅ ሰማሁ፤ ነጭ አረፋ የደረቀውን ድንጋይ እየገፋ መጣ። እኔ ሮጥኩ። እነሱ አልሮጡም። ቤታቸው ደረቅ ነዋ፣ ማን ይንገራቸው? ውሃው በላያቸው ላይ ነው የሄደው።

ስለዚህ ዱይልዮ አይቷታል፣ ኒቬስ። አይቷት፣ ተቀምጣ አግኝቷት፣ አምኗት ነው የገባው።

ለአያ ቲቴ ልነግራቸው ሄድኩ። የወይኑን ሐረግ በአኻያ ቅርንጫፍ እያሰሩ ነበር። ሁለቱ አማቾቻቸውም አብረዋቸው ነበሩ።

«አያ ቲቴ፣ ጠጠሬ የግድቡን ውሃ አታውቀውም» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሷን ቋንቋ የቻልከው? ከተማ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ እንዴ?»

«ውሃው እስኪነካት ድረስ ፀሐይ ስትሞቅ አይቻታለሁ።»

«እንግዲያው ሰነፍ ሸረሪት ገጥማሃለች» አሉ። አማቾቻቸው ሳቁ። አንደኛው «ይህችስ አማታችንን ትመስላለች» አለ፤ ይብስ ሳቁ።

እኔ ግን አልሄድኩም። ሲሰለቻቸው መሰለኝ ክንዴን ይዘው እስከ በሩ ሸኙኝ። እዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ስማኝ ልጄ። እናትህ ደጄ መጥታ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ቆማ ቆማ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ምግብ አይጥመኝም። በዕርገት ቀን የዱይልዮን ስም እጠራዋለሁ። ዐይኔ አላየም፣ አልፈርድም እላለሁ። አንተ ብቻ ይህን የግድብ ወሬ ተወው።»

«ለምን?»

«ጠጠሬን ካላመንን ምኑን እናያለን? ከተራራ ጀርባ ያለ ብረት? ሴቶቹ ፈርተው ድንጋይ ሊለቅሙ ጠጠር መውረድ ቢተዉ የኖራ ምድጃው ይጠፋል። ምድጃው ከጠፋ እኛም እንደ ሌሎቹ ቤልጂግ ሄደን ከሰል ጉድጓድ ውስጥ መግባት ነው። ከዚያ ጉድጓድ የሚያስወጣ ሸረሪት ካለ ንገረኝ።»

ለእማማ የነገርኳት ስሙን እጠራዋለሁ ማለታቸውን ብቻ ነው። ተነስታ መስተዋቱ ፊት ቆመች፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉሯን አበጠረች። ታዲያ አሁን እንዴት ብዬ አፌን ልክፈት?

አንድ ነገር ብቻ እወቂልኝ። በዕርገት ቀን በሩ ይከፈታል? ካልተከፈተ ዝም እላለሁ፤ ስሙ ይጠራል፣ እማማም ታርፋለች። ከተከፈተ ግን፣ ጠዋት መንደሩ በሙሉ ሕፃናቱን አዝሎ ወንዙ መሃል ነው የሚሆነው። ጠጠሬ ደግሞ ፀሐይ እየሞቀች «ግቡ» ትላቸዋለች።

ኤርሜስ



የላይኛው ግድብ ሰፈር፣ ሜይ 17 ቀን 1954

ለወንድሜ ለኤርሜስ፣

ሦስት ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ።

ይከፈታል። በረዶው እየቀለጠ ሐይቁ እስከ አፉ ሊሞላ ነው። ትእዛዙ ተለጥፏል፤ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ። ሐሙስ ዕርገት እንደሆነ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። እዚህ በዓሉን የሚያስታውሰን የምናበስለው ሥጋ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ተቀምጠህ አንብበው። በዚያ ቀን መዘወሪያውን ያዞረው ሪናልዶ ነው። ሥራው ነው፤ ክፈት ሲሉት ይከፍታል፣ ዝጋ ሲሉት ይዘጋል። ታች ሰው መኖሩን የነገረው የለም። እኔም ሰዓቱን እስክትጽፍልኝ ድረስ አላወቅኩም ነበር። ስነግረው ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ አያቸው። «ወንድምሽ እንዴት ያለ ሰው ነበር?» አለኝ። «ቀልደኛ ነበር» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ከዚያ ወዲህ የማቀርብለትን አይበላም፣ እኔንም ቀና ብሎ አያየኝም። ልጠላው ሞክሬ ነበር። አልቻልኩም። በዚህም አንተ ልትጠላኝ ትችላለህ፤ መብትህ ነው።

ለሰዎቹ ንገራቸው። ግን ከማን እንደሰማህ አትናገር፣ የሱንም ስም አታንሳ። ወሬው ከኩሽናው እንደወጣ አለቃው ካወቀ ሁለታችንም መንገድ ላይ ነን፤ ለሱም ሌላ ቦታ ሥራ የሚሰጠው የለም።

እማማን ቤት አስቀራት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ጫማዋን ደብቅባት።

ኒቬስ



ግራቫ፣ ሜይ 22 ቀን 1954

ለኒቬስ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ አቃጥዬዋለሁ። የሰውዬው ፎቶግራፍ አሁንም ከቅዱስ አንቶኒዮ ጎን ተሰክቷል። ባወርደው እማማ ለምን ትለኛለች። ገንፎዬን የምበላው ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነው።

ነግሬያቸዋለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ «ሐሙስ አትሻገሩ። ጎህ ሲቀድ የግድቡ በር ይከፈታል» አልኩ። አባ ኢላርዮ በለሆሳስ፣ «ከማን ሰማህ ልጄ?» አሉኝ።

«አልናገርም።»

«ታዲያ እንዴት እንመንህ?»

«ከጠጠሬ ነው የሰማው» አለ አንዱ ከኋላ። «ሹመት ሰጥታዋለች፤ የሸረሪት ዲያቆን።» ሳቁ ከዚያ ተነሳ። የሳቁት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የዱይልዮን ሣጥን የተሸከሙ ናቸው። አንዲት ሴት «ተዉት፣ ሐዘን ነው» አለች። ከሳቁ ይልቅ ያመመኝ እሱ ነው።

አያ ቲቴ ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ግን ደጃችን መጡ፤ እኔን ሳያዩ ለእማማ፣ «ልጅሽ መርጧል» አሏትና ተመለሱ።

«ምንድን ነው የመረጥከው?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ያንቺን ትቼ የቀረውን ሁሉ። እንደምትጮህብኝ ነበር የጠበቅኩት። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«እሻገራለሁ» አለች።

«እማማ፣ ውሃው ይመጣል እኮ።»

«ይምጣ። ስሙን ባይጠሩልኝ መካከሉ ላይ ቆሜ በሆዴ እጠራዋለሁ። ይህንንም ልትከለክለኝ ነው?»

ጫማዋን ደብቅ ብለሽኛል። ወንዙን በባዶ እግራቸው እንደሚሻገሩ ረስተሻል።

እንግዲህ እሷ ከገባች እኔም እገባለሁ። ከላይ በኩል፣ ውሃው በሚመጣበት ጎን እሆናለሁ።

ለሰውዬው አንድ ነገር ንገሪልኝ። መክፈት የቻለ እጅ አለመክፈትም ይችላል በዪው። ይቅርታ አድርጎልኛል ብሎ እንዳይወስደው። ይቅርታ አላደረግኩለትም። የምነግረው ስለ ሐሙስ ብቻ ነው።

ይህን ለአውቶቡሱ ሾፌር በእጁ እሰጠዋለሁ። መልስሽ ከሐሙስ በፊት እንደማይደርሰኝ አውቃለሁ።

ኤርሜስ



የላይኛው ግድብ ሰፈር፣ ሜይ 27 ቀን 1954

ኤርሜስ፣

ሰላምታ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም፤ የዳቦ መኪናው ሊወርድ ነው።

መልእክትህን ነገርኩት፣ ቃል በቃል። ዛሬ ጎህ ሲቀድ በሩ ዘንድ ሄዶ የመዘወሪያውን ማሰሪያ ብረት ነቅሎ ሐይቁ ውስጥ ጣለው። ለአለቃው «ተሰብሯል» አለው። እኔ ቁርስ እያቀረብኩ ሳህኖቹን እያየሁ ነበር። አልተንቀጠቀጡም። ማንም ሳያየኝ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

ግን እስከ መጨረሻው ሊይዘው አልቻለም። አለቃው ሌላ ብረት አስመጥቶ እኩለ ቀን ሲሆን በገዛ እጁ ከፈተው። አሁን ሳህኖቹ እየተንቀጠቀጡ ነው። ውሃው እናንተ ዘንድ የሚደርሰው ወደ አመሻሹ ነው። ልጆች ሳለን ማዶ ካለው የሳንታ ሳቢና ቤተ ክርስቲያን በልተን፣ ጨፍረን፣ የምንመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር። አሁንም እንደዚያው ነው? ንገረኝ፣ ሰዓቱን ለውጣችሁታል በለኝ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ሁሉም ነገር አልፏል፤ እኔ ግን እዚህ ቆሜ አሁን ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ እየገመትኩ ነው። አሁን እየበላችሁ ነው። አሁን ቄሱ እየባረኩ ነው።

ሪናልዶን አባርረውታል። ሻንጣው በር ላይ ነው። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምሳ የሚበሉት ከወንዙ ማዶ ነው ወይስ ወዲህ?» ማዶ ነው አልኩት። ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

አንድ ቃል ጻፍልኝ። እማማ በል፣ ደህና በል፣ ይበቃኛል።

ኒቬስ



ግራቫ፣ ሜይ 30 ቀን 1954

ለእህቴ ለኒቬስ፣

እማማ ደህና ናት። እኛም ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ከፊት የጻፍኩት ለሌላው ትዕግሥት እንዲኖርሽ ነው።

አይ፣ ሰዓቱን አልለወጡትም።

ጠዋት ተሻገርን። አያ ቲቴ ድንጋይ ገልብጠው አዩ፣ ጠጠሬ ተቀምጣለች፣ «በእግዚአብሔር ስም» ብለው ገቡ። እኔ ከእማማ በስተላይ ሆኜ ዐይኔ ከላይኛው መታጠፊያ አልተነሳም። ውሃው ቁርጭምጭሚት ብቻ ነበር፤ ቅዝቃዜው ግን አጥንት ይሰብራል። መካከል ላይ ቆመን ስሞቹ ተጠሩ። አያ ቲቴ ካለፈው ዓመት የመጨረሻውን ስም ጠርተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እማማ ቀና አለች። እሳቸው «ተነሱ» አሉ፣ መስቀሉ ተነሳ። ክንዴ ላይ የነበረው እጇ ምን ያህል እንደከበደኝ ልነግርሽ አልችልም።

ምንም አልመጣም። ማዶ ደርሰን እግራችንን ስናደርቅ አንዱ ጎረምሳ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ «ዲያቆን፣ ጎርፍህ ዋና አያውቅም እንዴ፣ የት ቀረ?» አለኝ። ልጆቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ ደግሞ፣ አታምኚኝም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውዬው በሩን እንደያዘው ያወቅኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። እስከ መጨረሻው የያዘው መስሎኝ ነበር። ስለዚህ አይብ በላሁ፣ ወይንም ቀመስኩ። እማማን እዚያው ማዶ ለማስቀረት፣ ለመመለሻው ለማስጠንቀቅ ምን እንዳደረግኩ ብትጠይቂኝ፣ ምንም አላደረግኩም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነስተን ወደ ወንዙ ወረድን፤ እኔም እንደ ማንም ሰው ጫማዬን አወለቅኩ።

አያ ቲቴ ጎንበስ ብለው አዩ። «ተቀምጣለች። ግቡ» አሉ።

እማማ አልገባችም። ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሺ እንጂ፣ መሽቷል» አሏት።

«እናንተ ሂዱ።»

«አብሮ የተሻገረ አብሮ ይመለሳል። ሥርዓቱን አንቺ አታጪውም።»

«ሥርዓቱን አውቀዋለሁ» አለች። «ጠዋት የተሻገርኩት ለልጄ ስም ነበር። ዘለሉብኝ። እንግዲህ እኔንም ይዝለሉኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሕዝብ አስቁመሽ ነው የምትኮርፊው?»

«ሠላሳ ዓመት ያላኮረፍኩትን ነው። ትንሽ ይታገሡኝ።»

ሴቶቹ መሳቅ ፈልገው ፈሩ። እሷን ትቶ መግባት አይቻልም፤ ተሸክሞ ማሻገርም ነውር ነው። ሕፃናቱ ማልቀስ ጀመሩ። አባ ኢላርዮ ለመኗት፤ እሷ እግሯን ዘርግታ በሻርፗ መጠቅለል ያዘች። አያ ቲቴ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ለዘብ አሉ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ተቆጡ። «እሺ፣ እዚያው መካከል ላይ ስንደርስ እጠራዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እዚህ ይጥሩት» አለች። «እዚህማ ሥርዓት አይደለም» ሲሉ ነው ድምፁ የተሰማው።

ሌላውን ታውቂዋለሽ። መካከለኛው ጠጠር፣ ጠዋት ቆመን ስም የጠራንበት፣ ዐይናችን እያየ ጠፋ። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

አያ ቲቴ ወደ ኋላ አልሸሹም። ውሃው ጫፍ ላይ ተንበርክከው ድንጋዮቹን ያዩ ነበር። እኔም ተጠግቼ አየሁ። ጠጠሬዎቹ የመጨረሻዋ ፀሐይ ባለችበት ድንጋይ ላይ፣ ከረጢታቸውን ይዘው፣ እንደተቀመጡ ናቸው። ውሃው ክንድ ሲቀረው አልተነሱም። ስንዝር ሲቀረውም አልተነሱም። ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው አንዷን ሊያወጧት ሞከሩ፤ አመለጠቻቸው፣ ወደ ድንጋዩ ሥር ገባች። እዚያ ደህና ነኝ ብላ ነዋ።

አሁን መንደሩ ተአምር ነው የሚለው። ቅድስት ሳቢና ውሃውን ጠዋት ያዘችው፣ ማታ ደግሞ በሐዘንተኛ እናት አስቆመችን ይላሉ። አባ ኢላርዮ ለጳጳሱ ሊጽፉ ነው። እማማ ግን፣ «ምን ተአምር ነው፣ ንዴት ነበር እንጂ። ንግሥት ብትለምነኝም አልነሳም ነበር» ትላለች። እኔን አምና እንደሆነ ጠየቅኳት። «አንተንማ አላመንኩህም» አለችኝ፤ ግን በድልድዩ ዞረን ቤት እስክንደርስ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ እጅጌዬን ይዛ ነበር።

ድልድዩ ላይ አያ ቲቴ ወደ ኋላ ቀርተው ከኛ ጋር ተራመዱ። ትንፋሽ አጥሯቸዋል። «ዱይልዮ አይቷታል» አሉ። እማማ ወደ ፊት እያየች፣ «አውቃለሁ» አለች። ትንሽ ሄደን ወደ እኔ ዞሩና፣ «ጠዋት በሩን የያዘው ማነው?» አሉኝ። ስሙን እንዳላነሳ ብለሽኝ ነበር፤ አነሳሁት። ከሁለቱ ሌላ ማንም አልሰማም፣ እነሱም አይናገሩም። እማማ ቀጥ ብላ ቆመች። «ባለ ጆሮው?» አለች። ቀጥላም፣ «እህትህ ትንገረው፣ ይምጣ። በድልድዩ በኩል ይምጣ፣ ቤት ያለውን እንበላለን» አለች።

የመጀመሪያውን ቀን አልነገርኳትም። ጠዋት ስትነሳ ፎቶግራፉን በሽርጧ ስትወለውለው አየኋት። እሱ ራሱ ይንገራት፣ ወይም አንቺ። እኔ በሩን ሲያንኳኳ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ቤት ግን እገኛለሁ። ይህን ንገሪው፣ ሌላ እንዳትጨምሪበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሪናልዶ መባረሩን ከደብዳቤሽ ያወቅሁት ትናንት ነው። ሄጄ ለአያ ቲቴ ነገርኳቸው። ሽማግሌው የወይን ሐረጋቸው ሥር ተቀመጡ። «ታዲያ አሁን እዚያ ላይ ያለው ማነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ምድጃው ሊለኮስ ነው፣ ነጭ ድንጋይ ጎድሎበታል፤ ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። እሳቸውም ምክንያቱን ሳይናገሩ «ዛሬ አይወረድም» እያሉ ይመልሷቸዋል። ሴቶቹ ማጉረምረም ጀምረዋል። «ጠጠሬ ተቀምጣ እያየናት!» ይላሉ። ሽማግሌው ስንት ቀን እንደሚችሏቸው እንጃ።

በመጨረሻ ለአዲሱ ሰው እንድጽፍለት ጠየቁኝ። ታች ሰው እንዳለ፣ ሴቶች በየትኛው ቀን እንደሚወርዱ፣ ከመክፈቱ በፊት እንዲልክብን። «ለሚመለከተው ክፍል» ብዬ ስጀምር ወረቀቱን በእጃቸው ሸፈኑት። «ክፍል በር አይከፍትም፣ ሰው ነው የሚከፍተው» አሉ። «ስሙን ጠይቅና በስሙ ጻፍለት።»

ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፤ ላዩ ላይ ባዶ መስመር ትቻለሁ። ሰውዬው ማን ይባላል?

ወንድምሽ ኤርሜስ